ስለ ቅዳሜ ልብሶቻችን፣ ለምራቴ

ውድ ምራቴ፣

በዚህ መጠሪያ መቀጠል እችል እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁም። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ከወጣ ወዲህ ልጄ «የቀድሞ ባለቤቴ» ይልሻል። እኔም «የቀድሞ ምራቴ» ለማለት አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንደነበረ ትቼዋለሁ።

በትምህርት ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማሩን መምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ይሉ ነበር። እንግዲህ ጤናሽ እንዴት ነው? በአዲሱ መነጽር ቤት ወንበር ይሰጡሻል ወይስ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? እግርሽ ያብጥ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ያ የተሰበረው እጄ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ የማማርረው ነገር የለኝም።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ጠልቼ አይደለም፤ ስልክ መነካካትን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ነገር ግን ባለፈው የላክሁልሽን ያን ሁሉ መልእክት አንብበሽ «ደህና ነኝ እትዬ፣ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ» ብለሽ ብቻ መለስሽልኝ። ካገባሽ ጀምሮ «እማማ» ስትይኝ ኖረሽ፣ አሁን «እትዬ»! ቃሉ ጨዋ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን ሳነበው፣ ደጃፌ ላይ ቆመሽ ግቢ ብልሽ «አይ፣ አላስቸግርዎትም» ያልሽኝ ያህል ተሰማኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ስልኬ ላይ፣ በቅዳሜው የልብስ ቡድናችን ውስጥ፣ አንዲት መስመር መጣች፤ «ቡድኑን ለቅቃለች» ትላለች። በቀጭን ጽሕፈት፣ መሃል ላይ፣ አራት ነጥብ እንኳን የሌላት።

ልጅ ወልዳችሁ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የልጅ ልጄን ልይ ብዬ እመጣ ነበር፤ አንቺም ልጁን ወደ አያቱ ትልኪው ነበር፤ ማንም ምን አገናኛችሁ አይለንም። ልጅ የለም። እኔና አንቺን የሚያገናኘን የቀረው ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለቀቅሽው። እኔ የምፈራው ይህንን ነው፣ አልደብቅሽም። እንዲሁ በጨዋነት፣ ሳንጣላ፣ አንዳችን ሌላችንን ሳናስቀይም፣ ቀስ ብለን ባዳና ባዳ ሆነን እንዳንቀር ነው። እንደዚያ ከመሆኑ በፊት አንቺ ምን እንዳደረግሽልኝ ልንገርሽ።

እጄን የሰበርኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል። መታጠቢያ ቤት ወድቄ ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ በጄሶ ታሸገ። ጠዋት ልታለብሺኝ መጣሽና ቁም ሣጥኔን ከፈትሽ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ ከጎኑ ሌላ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ እንደገና ግራጫ። እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ቆምሽና፣

«እማማ፣ ይሄ የአንድ ሰው ልብስ ነው ወይስ የአንድ መሥሪያ ቤት?» አልሽኝ።

ተቆጣሁ። ግን ምን ልበልሽ? ያደግሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የአዳሪዎች ኃላፊዋ ማስመሪያ ይዘው ከጉልበታችን በታች ይለኩ ነበር፤ ቀሚሱ ከልኩ ያጠረባት ልጅ የዚያን ቀን ከመኝታ ቤት አትወጣም። የተፈቀደልን ቀለም ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊና ነጭ ነበር። ከዚያ ወጥቼ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሴቶች ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆንሁ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የሌሎችን ዩኒፎርም አይ ነበር። በሥራዬ አላፍርም፤ የሀብታሟን ልጅና የድኻዋን ልጅ እኩል አድርጎ ክፍል የሚያስገባቸው ያ ዩኒፎርም ነበር። ግን ልብስ ለእኔ የሚመረመር ነገር እንጂ የሚመረጥ ነገር ሆኖ አያውቅም። ይህን ያወቅሁት አንቺ ስትጠይቂኝ ነው።

ጄሶው በአንዱም ኮት እጅጌ አላልፍ አለ። ሮጠሽ ከእኔ በላይ ወዳለው ቤታችሁ ወጣሽና ያንን ቢጫ ሹራብሽን ይዘሽ መጣሽ።

«ቢጫ አልለብስም።»

«እማማ፣ እጅዎ ይግባ እንጂ ቀለሙን ማን ጠየቀው?»

ገባ። ቁልፉን በሙሉ ቆለፍሽልኝ፣ ፀጉሬን አበጠርሽልኝ፣ መስኮቱ አጠገብ አቆምሽኝና ፎቶ አነሳሽኝ። «ለጓደኞቼ ልላከው?» ስትዪ የምን ጓደኞች እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ሃያ ያህል ሴቶች ናቸው አልሽኝ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌሯ፣ ባንክ ውስጥ የምትሠራው ዓይነ አፋር ልጅ፣ አበባ ሻጯ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴት፣ ሌሎችም። ሐሙስ ርዕስ ይወጣል፤ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሁሉም በርዕሱ ለብሳ ፎቶዋን ትልካለች፤ እስከ ማታ በስልኩ የልብ ምልክት እየተሰጠ ይቆጠራል። ለውድድሩ ብሎ አዲስ ልብስ መግዛት ክልክል ነው። ፊቷን ማሳየት የማትፈልግ አታሳይም። አንደኛ የወጣችው የሚቀጥለውን ርዕስ ታወጣለች። መጨረሻ የወጣችው ደግሞ... እሱን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም።

የዚያን ሳምንት ርዕሱ «የተዋስሽው» የሚል ነበር።

ማታ ወደ ክፍሌ ስትገቢ ፊትሽ ላይ አየሁት።

«ስንተኛ ወጣሁ?»

«እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ስንተኛ ወጣሁ ነው የምልሽ።»

«መጨረሻ።»

በተማሪነቴ ሁለተኛ ወጥቼ እራት ያልበላሁ ሰው ነኝ። ትራሴን አስተካክዪልኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አንቺ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ማንበብ ጀመርሽ። መጨረሻ ለወጣችው ሁሉም አንዳንድ መስመር ይጽፉላታል፣ በፎቶው ላይ ያዩትን ደግ ነገር። ሕጉን ያወጣሽው አንቺ መሆንሽን በኋላ ነው የሰማሁት። ልብስ ሰፊዋ «የሹራቡ ቢጫና የፀጉርዎ ነጭ ተዋደዋል» ብላለች። ሾፌሯ «እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ጆንያም ያምርበታል» ብላለች። አበባ ሻጯ «እጅዎ ተሰብሮም አንድ ቁልፍ አልተዘለለም» ብላለች። ጨርሰሽ ስልኩን ልትዘጊ ስትዪ «እስቲ ድገሚው፣ መነጽሬን አላደረግሁም፣ አልሰማሁሽም» አልኩሽ። ልጄ፣ ሰው በመነጽር እንደማይሰማ አንቺ መነጽር ሠሪዋ ሳትስቂ ድገሚልኝ ያልኩሽን ደገምሽልኝ። ደግሞም መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አላርፍ አልኩ። መጨረሻ ወጥቼ ልቀር? ብዙ ጊዜ አንደኛ የምትወጣው አበባ ሻጯ ነበረች፤ ሰፊ፣ የሚንሳፈፍ፣ አበባ በአበባ የሆነ ቀሚስ ነው የምትለብሰው። እንግዲያው እንደ አንደኛዋ ማድረግ ነው አልኩ፤ ተማሪ ሆኜ የለመድኩት ይህንኑ ነው። ከጎረቤቴ አበባማ ቀሚስ ተውሼ፣ ሻርፕ ጥዬበት፣ ባርኔጣ አክዬበት ሳሎን መሃል ቆምኩ። ከሥራ ስትገቢ አየሽኝና በሩ ላይ ቀረሽ።

«እማማ የሉም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አይ፣ ሌላ ሴት ቆማ አይቼ።»

ስቀሽብኝ ቢሆን እቀየምሽ ነበር። አልሳቅሽም። ባርኔጣውን አውልቀሽልኝ ወደ ቁም ሣጥኑ ወሰድሽኝና «ከዚህ ሁሉ ሲለብሱት ደስ የሚልዎት የትኛው ነው? ሰው የሚወድልዎትን አይደለም የጠየቅሁት» አልሽ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ ስለማላውቅ ሳላስብ መለስኩ፤ ጥቁር ሰማያዊው ካፖርት አልኩሽ። ለምን ስትዪኝ አሰፋፉ ስለማይዋሽ ነው አልኩ። አውጥተሽ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጥሽው። ገበሩ ቀይ ነው፤ እንደ ሮማን ፍሬ የጠለቀ ቀይ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ያሰፋሁት ነው፤ ጨርቁን ስመርጥ ሰፊውን ሹክ ብዬ «ውስጡን ቀይ አድርገው» ያልኩት ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት በሩ ላይ ቆሜ ዩኒፎርም ስመረምር ከኮቴ ስር ቀይ ለብሼ ኖሬያለሁ።

በጄሶው በኩል ከትከሻዬ ላይ ጣል አድርገሽልኝ፣ የግራውን እጅጌ ሁለት ጣት ያህል ቀልብሰሽ ቀዩን አወጣሽው። ሌላ ምንም አልጨመርሽም። «በቃ፣ ከዚህ ነው የምንጀምረው» አልሽ።

አራተኛ ወጣሁ። ያን ማታ እራቴን በልቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃኝም። ግራጫዎቼን ጣዪ አላልሽኝም፤ ሁልጊዜ ከእነሱ ጀምረን አንዲት ነገር ብቻ እንጨምር ነበር። የጡብ ቀለም እንደሚስማማኝ አገኘን፣ ሐምራዊ በሽተኛ እንደሚያስመስለኝም አገኘን። ከምትሠሪበት ያመጣሽልኝን ወፍራም ጥቁር ፍሬም መጀመሪያ ሳየው «የብየዳ መነጽር ነው እንዴ?» ብዬሽ ነበር። ዛሬ ያለ እሱ ከቤት አልወጣም።

ስለዚያ ስላሳፈርኩሽ ቀንም ሳልጽፍ አላልፍም። በግራ እጄ መጻፍ ስለምድ፣ ቅዳሜ አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ፣ አንቺ ባስገባሽኝ ቡድን ውስጥ ያየሁትን ፎቶ ሁሉ አረምኩት። በእኔ ቤት መርዳቴ ነው። «የግራው እጅጌ ከቀኙ ይረዝማል። ስድስት ከአሥር።» «ቀሚሱ አልተተኮሰም። ካልሲው ከጫማው ጋር አይሄድም። አምስት።» ለሁሉም፣ አንድም ሳልዘል። ቡድኑ ጸጥ አለ። እኔም የፈተና ክፍል ጸጥታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ጻፈች፤

«ይቅርታ... እርስዎ እትዬ ካልሲ አይደሉም?»

ተማሪዎቹ ከኋላዬ የሚጠሩኝ በዚህ ስም ነበር። የማላውቅ ይመስላቸዋል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። «አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«ካልሲዬ ባለመስመር ሆኖ ከበር የመለሱኝ ነኛ! የራሴ ልጆች አሉኝ፣ መድኃኒት ቤት አለኝ፣ ዛሬም ካልሲ ስገዛ ዞር ብዬ ኋላዬን አያለሁ!»

«ዛሬስ ምን ዓይነት አድርገሻል?»

የእግሯን ፎቶ ላከች። አንዱ ባለመስመር፣ አንዱ ባለነጠብጣብ። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ሳቅ በስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም፤ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲነዝር ዋለ። ቢሆንም ያቺ የባንኳ ልጅ አልሳቀችም። ፎቶዋን ከቡድኑ አጠፋችው።

አንቺ ስትመጪ ሁሉንም በመንገድ ላይ አንብበሽዋል። ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ አጠገቤ ተቀመጥሽ።

«እማማ፣ እኛ ጋ ጉድለት አይጻፍም።»

«ስህተት አይቼ ዝም ልበል?»

«ዝም አይበሉ። ደህናውን ፈልገው ይጻፉ።»

«ደህና ነገር ከሌለስ?»

«ይፈልጉታላ! ያን ሁሉ ዓመት ካልሲ ሲፈልጉ አልነበር?»

የሚቀጥለው ቅዳሜ የባንኳ ልጅ ፎቶ እንደገና መጣ። አረንጓዴ ቀሚስ፣ ሳይተኮስ። ከነገርሽኝ ወዲያ ምንም እንዳልጽፍ እጄን ይዤ ተመለከትኩት። ጉድለቱ ወዲያው ታየኝ፤ ለዚያ የሠለጠነ ዓይን ነው ያለኝ። ደህናውን ግን ፈልጌ አጣሁ። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተመልሼ አየሁ። በመጨረሻ አገኘሁት። የቀበቶዋን ዘለበት ከቀሚሷ የቁልፍ መስመር ጋር ልክ በአንድ መስመር አሰልፋዋለች። ሰው በግዴለሽነት አያደርገውም፤ መስታወት ፊት ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ ያስተካከለችው ነው። ይህንኑ ጻፍኩላት። ቆይታ መለሰች፤ «ማንም የሚያየው አልመሰለኝም ነበር። አመሰግናለሁ እትዬ።» መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። የቆሸሸ አልነበረም።

ልጄ፣ ዋናው የማመሰግንሽ ነገር ይህ ነው። ቢጫ ሹራብ ስላለበስሽኝ ወይም አራተኛ ስለወጣሁ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ዓይን አዲስ ሥራ ይማራል ብዬ አላስብም ነበር። አሁን አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ፣ ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት ሻርፗን እንዴት አድርጋ እንደቋጠረችው አያለሁ። የወተት ሻጩ ሸሚዝ አንገቱ ቢነትብም እጅጌው በልክ መታጠፉን አያለሁ። ራሴንም እንደዚያው። ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም የምመረምረው ሰው አልቆመም፤ ሰላም የምለው ሰው ነው የቆመው። ይህንን ለማንም ብነግር ያረጀች ሴት ቅብጠት ይለዋል። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ፤ አጠገቤ ነበርሽ።

እኔስ አጠገብሽ ነበርኩ? ይህን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ያ መጥፎ ዓመት ሲመጣ ከላይ ድምፅ አይሰማም ነበር፤ ያስፈራኝም ድምፅ ማጣቱ ነው። የተጣሉ ሰዎች ሲጮሁ ገብቶ መገላገል ይቻላል፤ ዝም ሲሉ ምን ይደረጋል? ርዕሱ «ሰማያዊ» የነበረበት ቅዳሜ ዓይንሽ አብጦ ወረድሽ። «እማማ፣ ዛሬ ከኋላ ያንሱኝ» አልሽ። ለምን አልኩሽ? አላልኩሽም። ኮሌታሽን አስተካከልኩ፣ መስተካከል የሚፈልግም አልነበረም፣ እጄንም ከትከሻሽ ላይ ትንሽ አቆየሁት። ከዚያ በላይ አላውቅበትም፤ እንደዚያ ያለ ነገር የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከኋላ አነሳሁሽ። ያን ዕለትም ቢሆን ፎቶሽን ልከሽ፣ የሁሉንም ልብ ቆጥረሽ፣ መጨረሻ ለወጣችው ከሁሉም የረዘመውን መስመር የጻፍሽው አንቺ ነበርሽ። በአንቺና በልጄ መካከል የሆነውን አልጠየቅሁም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። የእናንተ ነው።

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተሽ ስትሄጂ ቅዳሜ እስካለ ምንም አይደለም ብዬ ነበር። ከዚያ ሆነሽም ትቆጥሪ ነበር። ወረቀቱ ወጣና ቀረሽ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ምን አጥፍተን ነው?» ትለኛለች። ምንም አላጠፋችሁም፣ ተፋታለች አልኳት። «ታዲያ ባሏን ፈታች እንጂ እኛን ምን አደረግናት?» አለችኝ። አሁን የምትቆጥረው ሾፌሯ ናት። መንዳት ትችል ይሆናል እንጂ መቁጠር አትችልም፤ ባለፈው አንዷን ሴት ሁለተኛም ሦስተኛም አድርጋ አወጣቻት። «ሁለቱንም ቦታ የሚገባት ሆኖ ነው» ብላ ድርቅ አለች።

ያለፈው ሳምንት ርዕስ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ያወጣችው ነበር፤ «ያለ መስታወት»። ሁሉም አማረሩ። እኔ የቁም ሣጥኑን መስታወት በአንሶላ ሸፍኜ፣ ልብሴን በእጄ ዳስሼ መረጥኩ። ግራጫ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የጡብ ቀለም ያለው ሻርፕ፣ ቋጠሮው ወደ ግራ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ። ካልሲዬን፣ ለዚያች ለመድኃኒት ቤቷ ሴት ብዬ፣ አንዱን ባለመስመር አደረግሁት። ስጨርስ ማየት አላስፈለገኝም። ልክ እንደሆነ አውቄዋለሁ። መስታወት ሳላይ የማገኘው የራሴ የሆነ መልክ እንዳለኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቴ አነሳችኝ።

አንደኛ ወጣሁ።

ከሁለት ዓመት በላይ ያሳደድኩት ነገር ነው። ስልኩን ይዤ ብድግ አልኩና እስከ ደረጃው ድረስ ሄድኩ፤ ልነግርሽ። አንዱን ደረጃ ከረገጥኩ በኋላ ነው ላይ ማንም እንደሌለ ትዝ ያለኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ስልኬ «እንኳን ደስ አለዎት» እያለ ይነዝራል፣ እኔ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሾፌሯ አንዴ እንኳን በትክክል መቁጠሯን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።

ትናንት ልጄ ሊጠይቀኝ መጣ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬ፣ አሁንም ትጻጻፋላችሁ?»

«እኔ እጽፋለሁ። እሷ አትመልስም።»

«ተይ እንጂ እማዬ። ተለያይተናል እኮ። ሰውስ ምን ይላል?»

«አንተ ፈታሃት። እኔን ማን ጠየቀኝ? እኔ አልፈታኋትም።»

አጎንብሶ ጫማውን አየ፤ ልጅ ሳለ የሚያደርገው ነው። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ሊሄድ ሲነሳ ኪሱ ውስጥ ያገኘው ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈና በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። የአዲሱ ቤትሽ አድራሻ ነው። «ሰላም በያት» አለኝ፣ ወደ በሩ ዞሮ። እንግዲህ ሰላም ብሎሻል። ከዚያ በላይ ትርጉም አልሰጠውም፣ አንቺም አትስጪው፤ ግን ጨዋ ነገር አድርጓልና እንድታውቂለት ብዬ ነው።

አሁን ለመጨረሻ ወደ ተውኩት ጉዳይ መጣሁ። አንደኛ የወጣችው ርዕስ ታወጣለች። አበባ ሻጯ በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ርዕስ ሹክ ብላኛለች፤ ሁሉም ለራሷ የሚመቹ ናቸው። እኔ ግን ወስኛለሁ። ሐሙስ የማወጣው ይህንን ነው፤

«ሳይጠሩ ለሚሄዱበት ቤት የሚለበስ።»

ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። የባንኳ ልጅ «በጣም ከባድ ነው፣ ሳይጠሩ መሄድ ያሳፍራል» እንደምትል ከአሁኑ አውቃለሁ። ያሳፍራል። ያን ነው እንዲለብሱት የፈለግሁት፤ ማፈሩንም፣ መሄዱንም። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ያህል ሴቶች በየቤታቸው ተነስተው፣ ሳያውቁት፣ ወደ አንቺ ለመምጣት ይለብሳሉ። በእውነት የምመጣው ግን እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሾፌሯ ናት፤ ያንቺ ከተማ መስመሯ ነው። ቅዳሜም በእሷ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ከፊት ወንበር ይዛልኛለች። መምጣቴ የሚከብድሽ ከሆነ ደብዳቤውን ስትሰጥሽ «አይምጡ» በያት። ምክንያት አትጨምሪበት፣ ይቅርታም አትጠይቂ። አልቀየምሽም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስላደረግሽልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ከሩቅም ቢሆን ማመስገን ይቻላል። እንድመጣ ከፈቀድሽ ግን ምንም አትበያት። ምግብ አትሥሪ፣ ቤትም አታጽጂ፤ ቤትሽ ውስጥ ደህናውን ፈልጌ አየዋለሁ።

የምለብሰውን መርጫለሁ፤ አልነግርሽም። ፎቶ መላክ ያለበት ከቀትር በፊት ነው፤ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽና ልታስረዝሚልኝ አትችይም። እኔን የሚያነሳኝ ሰው ደግሞ እዚያ ከአንቺ በቀር የለም። ስለዚህ ሳንኳኳ ቶሎ ክፈቺ፣ መጀመሪያ አንሺኝ፣ ከዚያ እንሳሳማለን።

እስከ ቅዳሜ፣

አማትሽ